ሽማግሌ ያልተላከላት ሴት፦ አካል ጉዳት፣ ፍቅርና ገላ በፊልም

የአማርኛ ፊልም ከሁሉም በላይ የፍቅርና የትዳር ፊልም ነው። ዲጂታል ካሜራ ሥራውን ካቀለለው ወዲህ ሲኒማ ቤቶቻችንን የሞላው፣ ዛሬም በዩቲዩብ የሚታየው፣ ተያይተው ተፈላልገው፣ ተጣልተው ታርቀው፣ በመጨረሻ ሽማግሌ ተልኮ ወይም ቀለበት ታስሮ የሚያልቅ ታሪክ ነው። እንዲህ ባለ ሲኒማ ውስጥ ለፍቅር ያልታጨ ሰው ለታሪኩም አይታጭም። አካል ጉዳተኛው ብዙ ጊዜ የሚገባው በጎን በር ነው። ጀግናው ደግ መሆኑን እንድናውቅ ምጽዋት ይቀበላል፤ ክፉው ሰው የሥራውን ሲያገኝ ዊልቸር ላይ ይቀመጣል፤ ወይም ዓይኑ ባያይ ልቡ የሚያይ መካሪ ሆኖ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ይወጣል። ሲወድ፣ ሲወደድ፣ ሲቀና፣ ሲያገባ፣ ልጁን ሲስም ለማየት ብዙ መፈለግ ያስፈልጋል። ይህ ዳሰሳ ያ ፍለጋ ነው።

ጉዳዩ ሲነሳ ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው አልጋን ነው። የእኛ ሲኒማ ደግሞ አልጋ ማሳየት አይወድም፤ መብራት ይጠፋል፣ ካሜራው ወደ መስኮት ይዞራል። ስለዚህ «ሌላውንስ መቼ አሳየንና ነው?» የሚል መልስ ይመጣል። የእኔ ክርክር ግን አልጋው ላይ አይደለም። ፊልሞቻችን ስለ ገላ የሚናገሩበት የራሳቸው መንገድ አላቸው፦ የአንገት ማቀርቀር፣ ቡና ሲቀበሉ የሚነካካ ጣት፣ ከበሩ መራቅ ያቃተው እግር፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው የሚመጡ ሽማግሌዎች፣ ገፋ ያለ ሆድ። ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል፤ ማንም አያፍርም። አካል ጉዳተኛዋ በእነዚህ ጨዋ ትዕይንቶች ውስጥ እንኳ የለችም። የምቆጭበት ይህ ነው።

ጥያቄውን ከሚሴ ላይ ሆኖ ማንሳት ይጠቅማል። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ፣ በቦርከና ሸለቆ የምትገኝ፣ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ደዋ ሐረዋና ባቲ በዞኑ ይገኛሉ። ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ቤት ውስጥ ይነገራሉ፤ ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ትዳር እዚህ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ይጠያየቃል፣ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ኒካህ ይታሰራል። በውጭ አገር ፊልሞች «አካል ጉዳተኛ የጾታ ፍላጎት አለው ወይ?» ተብሎ የሚጠየቀው ነገር ከሚሴ ሲደርስ መልኩን ይለውጣል፤ «ለእሷ ሽማግሌ ይላካል ወይ? እሱስ ቢልክ ይሰጡታል ወይ?» ይሆናል። ይህኛው ከመኝታ ቤቱ ጥያቄ አያንስም፤ እንዲያውም ይቀድመዋል።

በ1999 ዓ.ም የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዞኑ 457,278 ሰው ተቆጥሯል። በመላ አገሪቱ ደግሞ 805,492 አካል ጉዳተኞች ተመዝግበዋል፤ ከመቶ ሰው አንድ ገደማ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ግን የኢትዮጵያ አኃዝ 17.6 በመቶ ሆኖ ተቀምጧል። የልዩነቱ አንዱ ምክንያት አጠያየቁ ነው። ይሁንና ቆጣሪ በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ ያለበት ቤት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ለቆጣሪ ያልታየ ልጅ ለሽማግሌ አይታይም፤ ለካሜራም አይታይም።

ከዚያ ቆጠራ በኋላ ጦርነት መጥቷል። በ2013 ዓ.ም በዞኑና በአጎራባቹ የሰሜን ሸዋ ከተሞች ግጭት ሰው ገደለ፣ ቤት አቃጠለ። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ደረሰ። ጥይትና ፈንጂ እጅና እግር የሚወስዱት ይበልጡን ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ከደረሰው ወጣት ነው። ሰው ሠራሽ እግር የሚያስፈልገው ሰው ወደ ደሴ የአካል ተሐድሶ ማዕከል ይሄዳል። እግሩን አስገጥሞ ሲመለስ ቤተሰቡ ስለ ሥራው ይጨነቅለታል፣ ስለ መድኃኒቱ ይጠይቅለታል። ስለ ትዳሩ የሚያነሳለት ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያገኝም፤ እሱም አፍሮ አያነሳም።

የዚህ አገር ሰው ለጥያቄው የሚሆን ታሪክ አጥቶ አይደለም። በመስጊድ ትምህርት የሚነገረውን የጁለይቢብን ታሪክ እናንሳ። ጁለይቢብ ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች (ሶሐቦች) አንዱ ሲሆን፣ ቁመቱ አጭር፣ መልኩም ሰው ለትዳር የማይመርጠው እንደነበር ይተረካል። ነቢዩ ራሳቸው ከአንድ የመዲና ነዋሪ (የአንሷር) ቤተሰብ ሴት ልጅ ጠየቁለት። ወላጆቿ አመነቱ። ልጅቱ ግን ጠያቂው ማን እንደሆነ ስትሰማ በራሷ ቃል ተቀበለች። ጁለይቢብ በዘመቻ ላይ በተሰዋ ጊዜ ነቢዩ አስከሬኑን በክንዳቸው ይዘው መቃብሩ ድረስ ቆዩ። ይህን ታሪክ እየሰማ ባደገ ሕዝብ መካከል «የአካሉ ነገር ለትዳር አያበቃውም» የሚለው ልማድ ከሃይማኖቱ ነው ሊባል አይችልም። ታሪኩ ላይ ደግሞ አንድ ፊልም የሚያስፈልገው ሁሉ አለ፦ ጠያቂ፣ የሚያመነታ ቤተሰብ፣ የምትወስን ሴት፣ ሐዘን።

ከሚሴ ካለችበት ከወሎ ምድር ደግሞ የየትነበርሽ ንጉሤ ሕይወት አለ። አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ፣ በሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ ጠበቃና የመብት ተሟጋች ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። በተለያዩ ቃለ ምልልሶች ስትናገር ዓይነ ስውርነቷ ካለ ዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናት ታነሳለች፤ ለትዳር አትሆንም ስለተባለች ወደ ትምህርት ቤት ተላከች። ኋላ አግብታ እናት ሆናለች። ያቺን ሕፃን ለመማር ያበቃት ፍርድ ትምህርት ቤት ያልተላኩትን ሌሎች ልጃገረዶች ዕድሜ ልካቸውን በወላጆቻቸው ቤት የሚያስቀር ፍርድ መሆኑን መዘንጋት የለብንም።

ወደ ፊልሞቹ ስንመጣ፣ ጥያቄውን በሙሉ ክብደቱ የያዘው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን አግኝቷል፤ በተከታዩ ዓመት በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ዋናውን የየኔንጋ የወርቅ ሽልማት ወስዷል። ስለ አብዮቱ፣ ስለ ደርግ፣ ስለዚያ ዘመን ምሁራን የሚለው ብዙ ተጽፎበታል። የባለታሪኩ እግር ሲነሳ ግን ውይይቱ ወዲያው ወደ ምሳሌ ይሄዳል፤ የተቆረጠው እግር የተቆረጠ ትውልድ ነው ይባላል። አንበርብር በጀርመን ሕክምና የተማረ፣ በዘረኞች ጥቃት አንድ እግሩን ያጣ፣ በመጨረሻ ጣና አጠገብ ወዳለው የትውልድ መንደሩ የተመለሰ ሰው ነው። ትዝታው ተሰባብሯል፤ ሌሊት ይቃዣል፤ መንደሩ ደግሞ ወጣቶች ለውትድርና እየታፈሱ የሚወሰዱበት ነው። ምሳሌነቱን አልክድም። ኃይሌ ሲያስብበት የኖረ ነገር ነው።

ግን ፊልሙን እንደገና ስናየው እናቱ ቤት የተጠጋችውን አዛኑን እናገኛለን። መንደሩ አግልሏታል፤ ከባድ ሐዘን ተሸክማለች። በእሷና በአንበርብር መካከል ያለው ነገር ቀስ ብሎ፣ ያለ ብዙ ንግግር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በሚኖር ሰው ዓይን ያድጋል። የመንደሩ ሰው ያማል። እነሱ ግን ይቀራረባሉ፤ በመጨረሻም ልጅ ይወለዳል። ምሳሌ ብቻ ሆኖ የቀረ ሰው ልጅ አይወልድም፤ አንበርብር ወለደ። እግሩ አልተመለሰለትም፣ አዛኑም «እግር ባይኖረውም» ብላ በይቅርታ አልተቀበለችውም። የጎደለው እግር በዚያ ፍቅር ውስጥ እንዳለ አለ፤ መንገድ ላይ አይቆምም። በኢትዮጵያ ሲኒማ ውስጥ አካል ጉዳት የደረሰበት ሰው እንደ ወንድ ሲፈለግ፣ አባትም ሲሆን ያየሁበት ፊልም ይህ ነው። የአልጋ ትዕይንት አላስፈለገውም።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። አንበርብርን የምትወደው የተገለለችው ሴት ናት። የመንደሩ የተከበረ ቤት ልጅ ብትሆን ኖሮ ታሪኩ እንዴት ይሄድ ነበር? ይህ የኃይሌ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የደቡብ ኮሪያው ሊ ቻንግ ዶንግ እ.ኤ.አ. በ2002 በሠራው «ኦኤሲስ» ውስጥ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባትን ወጣት የሚወዳት ከእስር ቤት የወጣ፣ ቤተሰቡ ያፈረበት ሰው ነው፤ ሁለቱ መዋደዳቸውን ማንም ማመን ስለማይችል ሰውየው መጨረሻው ፖሊስ ጣቢያ ይሆናል። ከሩቅ ምሥራቅ እስከ ጣና ዳር ሲኒማው አካል ጉዳተኛውን የሚያጋባው ከሌላ የተጣለ ሰው ጋር ነው። ውስጡ ደግነት አለበት። ነገር ግን ያው የገበያ ሚዛን ነው፦ የጎደለ ለጎደለ። በየሰፈሩም ሽማግሌ የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ ዓይነ ስውሩ ለዓይነ ስውሯ፣ ዕድሜዋ የገፋችው ለሚያነክሰው። ሁለት ሰዎች ተዋደው ከሆነ መልካም። ሌላ አይገባችሁም ተብለው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን ሚዛን ፈጽሞ የጣሰ ፊልም አለን፤ እንዳለን የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ አይመስለኝም። «ፍርፋሪ» ይባላል። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ፊልሙ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ፤ ንግግሩ አማርኛ ነው። ዋናው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰ አጭር ቁመትና የጎበጠ ጀርባ ያለው ሰው ነው። አብራው የምትኖረውን ሴት ሆና የምትጫወተው ደግሞ ሰላም ተስፋዬ ናት፤ በፍቅር ፊልሞቻችን ከሁሉም በላይ ከሚታወቁት ተዋናዮች አንዷ። ዓለም ካለቀች በኋላ፣ ሰማይ ላይ የቆመ የጠፈር መርከብ ሥር፣ በተተወ የቦውሊንግ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። መርከቡ የመንቀሳቀስ ምልክት ሲያሳይ ሰውየው የመጣበትን ሊያገኝ ረጅም መንገድ ይወጣል፤ የሚሄደው ለእሷም ብሎ ነው።

የፊልሙ ትልቁ ድፍረት ስለ ጀርባው አንድም ነገር አለማስረዳቱ ነው። ለምን ወደደችው? አይጠየቅም። አልተፈወሰም፣ አልተለወጠም፣ በመልካም ሥራም ፍቅሯን አልገዛም። ይዋደዳሉ፤ አለቀ። ዳንኤል ታደሰ ከያንሶ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 በሠራው ሌላ ፊልም ደግሞ ሥራውን ትቶ ከሚስቱ ጋር መኖር የሚመኝ የስለላ ሠራተኛ ሆኖ ተጫውቷል። አንድ ኢትዮጵያዊ ተዋናይ እንዲህ ባለ ገላ ሁለት ጊዜ የፍቅር ባለቤት ሆኖ በዓለም ፌስቲቫሎች ታየ፤ እዚህ አገር ግን ስሙን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው።

ይህንንም ሳመሰግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በ«ፍርፋሪ» ውስጥ ጎረቤት የለም። እናት የለችም፣ «ልጄ ምን ነካሽ?» የምትል አክስት የለችም፣ የሚላክ ሽማግሌ የለም፤ ማኅበረሰቡ ከዓለም ጋር አብሮ አልቋል። ያ ፍቅር እንዲሆን መጀመሪያ ዓለም ማለቅ ነበረባት። «ጤዛ» መንደሩን ይዞ ሁለት የተገፉ ሰዎችን አገናኘ፤ «ፍርፋሪ» ሁለቱን ያለ ሚዛን አገናኝቶ መንደሩን አጠፋ። ሦስተኛው ፊልም፣ መንደሩም እያለ፣ ከሚሴ ገበያ እያለ፣ አክስት እያለች ሚዛኑ የሚሰበርበት ፊልም ገና አልተሠራም።

የአበበ ቢቂላ ታሪክ ያንን ፊልም ሊሆን ይችል ነበር። በመጋቢት 1961 ዓ.ም አበበ በመኪናው ሲጓዝ ሸኖ አካባቢ፣ በዚያው ከሚሴን አቋርጦ በሚያልፈው የደሴ መንገድ ላይ፣ አደጋ ደረሰበት፤ ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልሄደም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፣ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ የስሌጅ ውድድር አሸነፈ። ራሴላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል እ.ኤ.አ. በ2009 በሠሩት «አትሌቱ» ራሴላስ ራሱ አበበን ሆኖ ይጫወታል፤ ከድሮ የኦሊምፒክ ምስሎች ጋር የተዋሐደው ፊልም በክብር የተሠራ ነው። ክብደቱ ግን ያረፈው በውድድሩና በቆራጥነቱ ላይ ነው። አበበ ባለትዳር፣ የአራት ልጆች አባት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 እስካረፈበት ቀን ድረስ በዊልቸር የኖረው እንደ ባልና እንደ አባት ጭምር ነው። ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስ በእነዚያ አራት ዓመታት ምን አይተው፣ ምን ተሸክመው፣ ምንስ አግኝተው ይሆን? ዓለም የሚያውቀው ጀግና ማታ ቤቱ ሲገባ ያለው ሕይወት ለካሜራ አልበቃም። ጀግንነት ያሸነፈው ሰው ለትዳር አይተርፍም የሚል ያህል ነው።

በዓለም ወርቅ ዳቪድያን «የበለስ ዛፍ» (እ.ኤ.አ. 2018) ውስጥ ያለው እግሮቹን በጦርነት ያጣ ወታደርም እንዲሁ ነው፤ ታሪኩ የወጣቷ የሚናና የምትወደው ልጅ ፍቅር ሲሆን፣ እሱ የሚገባው በተስፋ መቁረጡ ነው።

ሴቶቹስ? የሚገርመው የኢትዮጵያ ሴት ገላ፣ ጉዳትና ትዳር በአንድነት በግልጽ የተነሱበት ፊልም ልብ ወለድ አይደለም። «ወደ ውበት የሚወስድ ጉዞ» በሚል ርዕስ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዘጋቢ ፊልም በአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል የታከሙ የገጠር ሴቶችን ይከተላል። ፊስቱላ በተለምዶ አካል ጉዳት ተብሎ አይመደብም፤ ሥራው ግን ያው ነው። በልጅነቷ የተዳረች ልጅ፣ ዳሌዋ ገና ሳይጠና፣ ለቀናት ታምጣ ሕፃኑን ታጣለች፤ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል፤ ባል ይተዋታል፤ ከሰው ተለይታ ትቀመጣለች። ፊልሙ ሴቶቹ በራሳቸው አንደበት ይህን ሲናገሩ ያሰማናል። ገላቸው ስለ ደረሰበት ነገር ያለ ሐፍረት፣ ያለ ልመና ይናገራሉ። ፊልሙን ካየ ሰው መካከል የሐኪሞቹን ሥራ ያልወደደ ያለ አይመስለኝም፤ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ ሆስፒታሉን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

እኔን የበለጠ የነካኝ ግን ቀዶ ሕክምናው ሙሉ በሙሉ ያልተሳካላት ወጣት ናት። ደስ የሚለው ታሪክ ታክሞ ድኖ ወደ ትዳር መመለስ ነው፤ ያልዳነችውስ? ፊልሙ ሥራ ስታገኝ፣ ስታገግም ያሳየናል፤ ጥሩ ነው። ፍቅር ግን ለዳኑት የተቀመጠ ሽልማት ሆኖ ይቀራል። «መጀመሪያ ተፈወስ፣ ከዚያ ትወደዳለህ» የሚለው ሕግ ከመንፈሳዊ ድራማ እስከ ዘጋቢ ፊልም ድረስ ያልገባበት ቦታ የለም።

በወሎ ከተሞች እንደ ብዙ የአገራችን ከተሞች ሁሉ የፊልም ፍቅር ያደገው በቪዲዮ ቤት በህንድ ፊልም ነው፤ ኋላ ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ የቱርክና የህንድ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አመጣ። ስለዚህ ለከሚሴ ተመልካች ቅርቡ ሲኒማ ሆሊውድ አይደለም፤ ቦምቤይ ነው። እዚያ ደግሞ ነገሩ ከእኛ ይልቅ ርቆ ተሄዶበታል። ጅማሬው መራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957ቱ «ማዘር ኢንዲያ» ውስጥ የገበሬው ሁለት ክንዶች ድንጋይ ሥር ይደቅቃሉ፤ ሚስቱን ማገዝ የማይችል ባል ሆኛለሁ ብሎ በሌሊት ቤቱን ጥሎ ይሄዳል፤ ፊልሙም መልሶ አያመጣውም። ክንድ የሌለው ባል ከታሪኩ ወጣ፤ ታሪኩ የእሷ ብቻ ሆነ። ስንቱ ተመልካች ይህን እያየ አልቅሷል፤ «ለምን ሄደ? ምን ጎደለው?» ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ይመስለኛል።

ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ጉልዛር «ኮሺሽ»ን ሠራ። ሳንጂቭ ኩማርና ጃያ ባዱሪ መስማትም መናገርም የማይችሉ ባልና ሚስት ሆነው ይጫወታሉ፤ ይፈላለጋሉ፣ ይጋባሉ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያጣሉ፣ ሁለተኛውን ያሳድጋሉ። ይህ ሁለተኛ ልጅ ይሰማል፣ ይናገራል። አድጎ ለትዳር ሲበቃ አባቱ መስማት የተሳናትን ልጅ ያጭለታል፤ ልጁ እምቢ ይላል። አባቱ ያኔ የሚቆጣው ቁጣ! ድምፅ የለውም፤ እጆቹ ብቻ ናቸው የሚናገሩት፤ ግን በሲኒማ ካየኋቸው ቁጣዎች ሁሉ የከበደ ነው። እናትህና አባትህ ማን ናቸው ነው የሚለው። የከሚሴን ጥያቄ፣ የእጮኛ ጥያቄን፣ ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1972 ፊት ለፊት ገጥሞታል። ለአንድ ሰው አንድ ፊልም ብቻ እንድመርጥለት ብጠየቅ የምመርጥለት ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የሳይ ፓራንጅፔ «ስፓርሽ» ከዚያ ጋር አብሮ መታየት አለበት። ናስሩዲን ሻህ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው፤ የሚወዳት ሴት ባሏ የሞተባት ናት። ይተጫጫሉ፤ ከዚያ እሱ ራሱ ያፈርሰዋል። ትዳሩ ለእሷ መሥዋዕትነት እንዳይሆን፣ የምጽዋት ባል እንዳይሆን ይፈራል። አካል ጉዳተኛው እምቢ የሚልበት፣ የሚኮራበት፣ የሚሳሳትበት መብት ሲሰጠው ማየት ሌላ ነገር ነው። ከዚህ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. የ2017ቱን «ካቢል» ማየት ወደ ኋላ መመለስ ይመስላል፤ ዓይነ ስውራኑ ተዋደው ይጋባሉ፣ ጅማሬው ያምራል፣ ግን ሴቷ ትደፈርና ትሞታለች፣ የቀረው ፊልም የባሏ በቀል ነው። አካል ጉዳተኛ ሴቶች ለጥቃት የተጋለጡ መሆናቸው እውነት ነው፤ እሷን ገድሎ ስለ እሱ ጀግንነት መተረክ ግን ጥቃቱን መናገር አይደለም።

ስለ ሆሊውድና አውሮፓ አጭር እላለሁ፤ ብዙ ስለተባለ። ለጦርነት ቀጠናችን የሚጠቅመው የቆየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የፍሬድ ዚነማን «ወንዶቹ» ውስጥ ማርሎን ብራንዶ በመጀመሪያ ፊልሙ ወገቡ በጥይት ሽባ የሆነ ወታደር ሆኖ ይጫወታል። ፊልሙ ሲጀምር ሐኪሙ የቁስለኞቹን ሚስቶችና እናቶች ሰብስቦ ጥያቄ ይቀበላል፤ ልጅ መውለድ ይቻል እንደሆነ ሳይቀር ይጠይቁታል፤ እሱም ይመልሳል። ከሰባ ዓመት በላይ ሆነው። ያን የመሰለ ስብሰባ በየሆስፒታላችን ቢኖር ስንት ትዳር ባልፈረሰ ነበር! እ.ኤ.አ. በ1978ቱ «ካሚንግ ሆም» የቬትናም ቁስለኛው በዊልቸር ሆኖ ይወዳል፣ ይወደዳል፤ ጆን ቮይትና ጄን ፎንዳ ኦስካር ወሰዱበት። እ.ኤ.አ. በ2012ቱ «ዘ ሴሽንስ» በፖሊዮ ምክንያት ከአልጋ የማይነሳ ገጣሚ ስለ ገላው ፍላጎት የሚያማክረው ቄሱን ነው፤ ዳይሬክተሩ ቤን ልዊን ራሱ ፖሊዮ የነካው ሰው ነው። እኛ ለዚህ ፊልም የአልጋ ክፍሎች ዝግጁ አይደለን ይሆናል፤ ለቄሱና ለሰውየው ውይይት ግን ዝግጁ ነን፤ ሼህ ወይም ቄስ ዘንድ ሄዶ «እኔስ ማግባት እችላለሁ?» የሚል ወጣት በየቦታው አለና።

በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ሚ ቢፎር ዩ» የተወደደው አካል ጉዳተኛ ወጣት ፍቅር አግኝቶም ሞትን የሚመርጥበት ነው። አካል ጉዳተኞች ለንደን ውስጥ በምረቃው ዕለት ተቃውሞ ወጡ፤ ልክ ነበሩ። ፍቅር እንኳ የማያቆየው ሕይወት ነው ብሎ ለሚሊዮኖች ማስተማር ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ዘጋቢ ፊልም ግን ሳላነሳ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ክሪፕ ካምፕ» ውስጥ አንዲት አካል ጉዳተኛ ሴት ትመሰክራለች፦ ሆዷን አሟት ሆስፒታል ሄደች፤ ሐኪሙ ትርፍ አንጀት ነው ብሎ ቀዶ አወጣው፤ ትርፍ አንጀቷ ጤነኛ ነበር። ሕመሟ ጨብጥ ነበር። ሐኪሙ እንደ እሷ ያለች ሴት ከሰው ጋር ትተኛለች ብሎ አላሰበም፤ ስላላሰበም አልመረመረም። ከሰው ጋር የምትተኛ መሆኗ ያልታየው ዓይኑ ደካማ ስለሆነ አልነበረም፤ እንዲህ ያለች ሴት በሲኒማም፣ በመጽሐፍም፣ በማስታወቂያም አይቶ ስለማያውቅ ነው። ፊልም የሚያደርሰው ጉዳት እስከዚህ ይሄዳል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 23 የማግባትና ቤተሰብ የመመሥረት መብትን፣ በአንቀጽ 25 የተዋልዶ ጤና አገልግሎትን ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም።

ማን ይጫወት የሚለውም ቀላል አይደለም። ብራንዶ፣ ቮይት፣ ሳንጂቭ ኩማር፣ ናስሩዲን ሻህ ሁሉም ድንቅ ተዋንያን ናቸው፤ የተጫወቱት ጉዳት ግን የራሳቸው አልነበረም። መስማት የተሳናት ማርሊ ማትሊን እ.ኤ.አ. በ1986ቱ ፊልሟ ኦስካር ስትወስድ የተወደደችው ሴት ራሷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2021ዱ «ኮዳ» ውስጥ መስማት የተሳናቸው ባልና ሚስት ከብዙ ዓመት ትዳር በኋላም እንደሚፈላለጉ ስናይ፣ የሚጫወቱት መስማት የተሳናቸው ናቸው። ዳንኤል ታደሰም እንደዚያው። የተለማመዱት አነካከስና የኖሩበት አካሄድ በካሜራ ፊት አንድ አይሆኑም፤ በፍቅር ትዕይንት ላይ ደግሞ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ማን ያያል የሚለው ከዚያ አይተናነስም። በአማርኛ ድምፅ የተተካ የቱርክ ድራማ መስማት ለተሳነው ሰው ድምፅም ጽሑፍም የለውም። የአማርኛ ፊልም ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከታች አይጻፍለትም፤ ሲጻፍለትም ለፌስቲቫል ተብሎ በእንግሊዝኛ ነው። ከሚሴ ላይ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ተመልካች ደግሞ በሁለቱም በኩል ይቀርበታል። ለዓይነ ስውራን ትዕይንቱን በድምፅ የሚያስረዳ ቅጂ በአገራችን ገበያ አልተለመደም። የፍቅር ታሪክ ከሚነገርላቸው ሰዎች ዝርዝር የወጡት ከሚሰሙትም ዝርዝር ወጥተዋል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ለስክሪፕት ጸሐፊዎችና ለፕሮዲውሰሮች ነው፤ በተለይም በስልክና በትንሽ ካሜራ በአማርኛና በኦሮምኛ አጫጭር ድራማ ለምትሠሩ የወሎ ወጣቶች። ባቲ ገበያ ላይ፣ ሰንበቴ ላይ፣ ከሚሴ ዳርቻ ታሪክ ስትፈልጉ ምርኩዝ የያዘችውን ልጅ ለለቅሶ ትዕይንት አትጥሯት። ቤተሰቧን ስጧት፤ የምትመርጥ፣ ስትፈልግም እምቢ የምትል አድርጓት። የተላኩት ሽማግሌዎች ይመለሱ፤ አክስቲቱ ትቃወም፤ እሷ ግን ትወስን። ሚናውን ለምታውቅበት ሴት ስጡ፤ በየከተማው ያሉ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትን ብትጠይቁ ተዋናይ አታጡም። ሠርታችሁ ስትጨርሱም ከታች በአማርኛና በኦሮምኛ ጻፉበት፤ መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ሲጠብቁ ኖረዋል።